ነገርን ከሥሩ፦ የሒሳብ ዕውቀት በቋንቋ በር ላይ እንዳይቀር

ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ወደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ የሚመጣ የ12 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ማባዛትንና ማካፈልን፣ ክፍልፋይንና መቶኛን በአማርኛ ተምሮ ይመጣል። ቁጥሮቹ ብቻቸውን ሲሰጡት ያሰላል። ያው ስሌት በአምስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ተሸሽጎ ሲቀርብለት ግን ወረቀቱን ባዶ ይመልሳል፤ ወይም ያገኛቸውን ቁጥሮች እንደ ነገሩ ደምሮ ያስረክባል። ውጤቱ ሲመጣ «በሒሳብ ደካማ» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ምልክቱም ወደ ዝቅተኛ የሒሳብ ክፍል ይመራዋል። በ8ኛ ክፍል አልጀብራ ያልጀመረ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ካልኩለስ ለመድረስ መንገዱ ይጠብበታል። በአንድ ፈተና የተፈጠረ የመለኪያ ስሕተት በዚህ አኳኋን የሙያ ዕጣ ፈንታ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ቀላል ነው። በዓረፍተ ነገር የሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ፣ ማለትም የቃላት ፕሮብሌም፣ የሚፈታበት ስልት ሊማሩት የሚቻል ዕውቀት ነው። ስልቱ በብዙ ክፍሎች በአግባቡ አይሰጥም፤ በምትኩ የሚሰጠው አቋራጭ ደግሞ በተለይ እንግሊዝኛን በመማር ላይ ያሉትን ልጆች ይጎዳል። ስለሆነም ጉዳዩ ለክፍል መምህሩ ብቻ የሚተው ሳይሆን በጀትና ደንብ የሚወስኑ ሰዎችም የሚጠየቁበት ነው።

ጥያቄው የሚለካው ምንድን ነው?

ችግሩ የስደተኛ ልጆች ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት ምዘና ለ13 ዓመት ልጆች አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፦ አንድ አውቶቡስ 36 ወታደሮችን ይጭናል፤ 1,128 ወታደሮችን ለማጓጓዝ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? ከተፈታኞቹ 70 በመቶ ያህሉ ማካፈሉን በትክክል ሠርተዋል። ትክክለኛውን መልስ፣ ማለትም 32ን፣ የሰጡት ግን 23 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሃያ ዘጠኝ በመቶው «31 ደርሶ ቀሪ 12» ብለው መለሱ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን በዓለም ላይ «ቀሪ 12» የሚባል አውቶቡስ የለም። አሥራ ሁለቱ ወታደሮች መንገድ ላይ ቀርተዋል።

በተቀራራቢ ዘመን በፈረንሳይ ግሬኖብል የሚገኙ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዎች ለ97 የአንደኛ ደረጃ ልጆች መልስ የሌለው ጥያቄ ሰጡ፦ በመርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው? ከልጆቹ 76ቱ ቁጥሮቹን አገጣጥመው መልስ ሰጡ። እነዚህ ልጆች የተጠየቁት በገዛ ቋንቋቸው ነበር። የጎደላቸው ቋንቋ ሳይሆን ነገሩን የመረዳት ልማድ ነው። ትምህርት ቤት ያስተማራቸው፣ ጥያቄ ሲመጣ ቁጥሮቹን ይዞ አንድ ነገር ማድረግ ግዴታ መሆኑን ነበር።

ጥያቄው በቤት ውስጥ በማይነገር ቋንቋ ሲቀርብ ይህ ልማድ ይብሳል። ዓረፍተ ነገሩ ያልገባው ልጅ ሊይዘው የሚችለው ቁጥሩን ብቻ ነው። ጀማል አበዲና ካሮል ሎርድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት የብሔራዊ ምዘናውን የሒሳብ ጥያቄዎች ወስዶ፣ የሒሳብ ይዘታቸውን ሳይነካ የእንግሊዝኛውን ውስብስብነት ብቻ ቀነሰ። የተማሪዎቹ ውጤት ተሻሻለ። መሻሻሉ መጠነኛ ቢሆንም አንድ ነገር ያረጋግጣል፦ ፈተናው እለካለሁ ከሚለው ሒሳብ ሌላ የሚለካው ነገር አለ።

ቁልፍ ቃል ማደን የሚያስከትለው ስሕተት

በብዙ የመማሪያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ሠንጠረዥ አለ። «በጠቅላላ» ሲል ደምር፤ «ቀረ» ሲል ቀንስ፤ «እያንዳንዱ» ሲል አባዛ ወይም አካፍል፤ «ይበልጣል» ሲል ደምር። ይህ የቁልፍ ቃል ስልት እንግሊዝኛ ገና ላልበሰለለት ልጅ የታሰበ ርዳታ ይመስላል፤ አንድ ቃል ብቻ በመለየት ጥያቄውን እንዲያልፍ ያስችለዋልና። ነገር ግን አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዳሉት ነው።

የሚከተለውን ጥያቄ መመልከት ይበቃል። «ሐና 12 እርሳሶች አሏት። የሐና እርሳሶች ከዳዊት እርሳሶች በ5 ይበልጣሉ። ዳዊት ስንት እርሳሶች አሉት?» ሠንጠረዡን ያመነ ልጅ «ይበልጣሉ» የሚለውን አይቶ ይደምርና 17 ይላል። ታሪኩን ያነበበ ልጅ ግን የሚበልጠው የማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ዳዊት አነስተኛው መሆኑን ይረዳና 7 ይላል። መልሱንም መልሶ ይፈትሻል፦ 7 ላይ 5 ሲጨመር 12 ይሆናል። ሁለቱ ልጆች እኩል መደመርና መቀነስ ይችላሉ፤ የተለያዩት በንባባቸው ነው።

ሜሪ ሄጋርቲ፣ ሪቻርድ ማየርና ክሪስቶፈር መንክ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት የተማሪዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በመከታተል ይህንኑ ልዩነት አይተዋል። የማይሳካላቸው ፈቺዎች ዓይናቸው ደጋግሞ የሚመለሰው ወደ ቁጥሮቹና «ይበልጣል»ን ወደ መሰሉ ቃላት ነበር። የሚሳካላቸው ደግሞ የነገሮቹን ስም፣ ማለትም ቁጥሩ የማን ወይም የምን እንደሆነ የሚናገሩትን ቃላት፣ ያጤኑ ነበር። ቁልፍ ቃል ማደን እንግዲህ ልጆችን የሚያሠለጥነው በማይሳካላቸው ፈቺዎች መንገድ ነው። በዚያ ላይ ቀላሎቹን ጥያቄዎች ስለሚያሳልፍ ጉዳቱ ለጊዜው ይሸሸጋል፤ የሚገለጠውም ጥያቄዎቹ ሁለትና ሦስት ደረጃ በሚጠይቁባቸው የላይኛ ክፍሎች፣ ማለትም የትምህርት መንገድ በሚለይበት ጊዜ ነው።

የሚሠራው ስልት

ሀንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖሊያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ የችግር አፈታትን በአራት እርከኖች ከፍሎታል፦ ችግሩን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር። እርከኖቹ ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ ይጠቀሳሉ። አብዛኛው የክፍል ጊዜ ግን በሦስተኛው እርከን፣ በስሌቱ፣ ላይ ያልቃል። የቃላት ፕሮብሌም የሚወድቅበት ቦታ ደግሞ አንደኛውና አራተኛው ነው።

የመጀመሪያውን እርከን በተግባር ለማዋል በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚታወቀው ዘዴ «ሦስት ንባብ» ይባላል። በመጀመሪያው ንባብ ተማሪዎች አንድ ነገር ብቻ ይጠየቃሉ፦ ታሪኩ ስለ ምንድን ነው? በዚህ ጊዜ የመጨረሻው ጥያቄ እንዲሸፈን፣ አንዳንዴም ቁጥሮቹ እንዲወጡ ይደረጋል። በሁለተኛው ንባብ የሚቆጠሩት ወይም የሚለኩት ነገሮች የትኞቹ እንደሆኑና በመካከላቸው ያለው ዝምድና ይለያል። በሦስተኛው ንባብ የሚፈለገው ነገር ይገለጣል። የዘዴው ጥቅም መዘግየቱ ነው፤ ቁጥር የሌለው ጥያቄ ላይ ማንም ልጅ ለመደመር ሊጣደፍ አይችልም። እንግሊዝኛ በመማር ላይ ላለ ልጅ ደግሞ አንዱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው በተለየ ዓላማ ማንበቡ ራሱ የቋንቋ ትምህርት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥያቄውን ቅርጽ መለየት ነው። የአንደኛ ደረጃ የመደመርና የመቀነስ ጥያቄዎች በአብዛኛው ከሦስት ቅርጾች አይወጡም። አንደኛው ክፍሎችን አንድ ላይ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው መነሻ፣ ለውጥና መድረሻ ያለው ነው፤ ሦስተኛው ሁለት ነገሮችን ማነጻጸር ነው። ተማሪው ቅርጹን በሥዕል፣ ለምሳሌ ረጅምና አጭር ሣጥኖችን ጎን ለጎን በመሳል፣ ሲያስቀምጠው የጎደለው ክፍል በዓይን ይታያል። ከላይ በተጠቀሰው ጥያቄ የሐና ሣጥን ረጅሙ፣ የዳዊት አጭሩ፣ በመካከላቸው ያለው ትርፍ 5 ነው። ሥዕሉን የሳለ ልጅ 17 ሊል አይችልም። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር የምርምር ክንፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ መምህራን ባወጣው የአሠራር መመሪያ፣ ተማሪዎች በሥዕላዊ መግለጫዎች እንዲጠቀሙና የፈቱበትን መንገድ እንዲመረምሩ ማስተማርን ከዋና ምክሮቹ መካከል አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ መመሪያ ደግሞ የሒሳብን ቋንቋ በግልጽ ማስተማርንና የቃላት ፕሮብሌሞችን ሆን ብሎ ማሠልጠንን ይመክራል።

የመጨረሻው እርከን መልሱን ወደ ታሪኩ መመለስ ነው። «31 ደርሶ ቀሪ 12» ያለው ልጅ «አሥራ ሁለቱስ በምን ይሄዳሉ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ መልሱን ያርም ነበር። ይህ ጥያቄ ለመምህሩ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ልማድ እስኪሆን ግን ዓመት ይፈጃል።

አማርኛ ዕዳ ሳይሆን ሀብት ነው

በፖሊሲ ሰነዶች የቤት ቋንቋ በአብዛኛው እንደ እንቅፋት ይቆጠራል። በሒሳብ ጥያቄ ግን አማርኛ እንግሊዝኛው የሚያወሳስበውን የሚያቃናባቸው ቦታዎች አሉ።

አልጀብራ በሚጀምሩ ተማሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ስሕተት አለ። ከአንድ ቁጥር 5 መቀነሱን የሚናገረው የእንግሊዝኛ ሐረግ 5ን አስቀድሞ ቁጥሩን ያስከትላል። በመሆኑም እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ልጆች ሳይቀሩ ቃሉን በተነገረበት ቅደም ተከተል እየጻፉ «5 − ሀ» ይላሉ። አማርኛው «ከአንድ ቁጥር በ5 የሚያንስ» ነው፤ ቁጥሩ ይቀድማል፣ 5 ይከተላል፣ ማነሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በተነገረበት ቅደም ተከተል ሲጻፍ «ሀ − 5» ይሆናል፤ ይህም ትክክል ነው። ሐረጉን በልቡ ወደ አማርኛ እንዲመልስ የተበረታታ ልጅ በዚህ ቦታ ከክፍል ጓደኞቹ የቀደመ ነው። አማርኛ እንዳይናገር የተነገረው ልጅ ግን ይህን መሣሪያ ያጣል።

የሰዓት ጥያቄም እንዲሁ ነው። ትምህርት ከረፋዱ 11፡30 ተጀምሮ ከቀኑ 1፡15 ቢያልቅ ስንት ጊዜ ፈጀ? በአሜሪካ አቆጣጠር ሰዓቱ 12ን ስለሚሻገር በቀጥታ መቀነስ አይቻልም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን ከ5፡30 እስከ 7፡15 ነው፤ ተራ ቅነሳ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃን ይሰጣል። ሌላ ጥያቄ ላይ ደግሞ፣ ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓትን በሚሻገር ጉዞ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ሁለቱን አቆጣጠሮች የሚያውቅ ልጅ የቆይታ ጊዜ በሰዓቱ ስም እንደማይለወጥ ይረዳል፤ ይህ ራሱ የሒሳብ ዕውቀት ነው። መምህሩ ልዩነቱን ካላወቀ ግን ልጁ የሚያየው በቀይ የተሠረዘ መልስ ብቻ ነው።

በሌላ ወገን እውነተኛ ወጥመዶችም አሉ። «ኳርተር» የሚለው ቃል እንደ አገባቡ ሩብ ክፍልፋይ፣ 25 ሳንቲም፣ 15 ደቂቃ ወይም የትምህርት ዘመን ሩብ ሊሆን ይችላል። በሜትርና በኪሎ ያደገ ልጅ በእግር፣ በኢንችና በፓውንድ ይጠየቃል። እነዚህ የማሰብ ድክመቶች ሳይሆኑ የመረጃ ጉድለቶች ናቸው፤ በአንድ ገጽ የቃላት መፍቻ ሊሟሉ ይችላሉ።

ወላጆችም የሚያበረክቱት አለ። በዕቁብ ስብስብ ውስጥ ያለ ቤተሰብ በየወሩ የቃላት ፕሮብሌም ይፈታል። አሥር አባላት በወር 300 ዶላር ቢጥሉ የደረሰው ሰው 3,000 ዶላር ያነሳል፤ በአራተኛው ወር የደረሰው ሰው የዚያን ወር ከጣለ በኋላ ስንት ይቀረዋል? ስድስት ወር በ300፣ ማለትም 1,800 ዶላር። ይህን ከልጅ ጋር በአማርኛ መነጋገር እንግሊዝኛውን አያዳክምም፤ የመነሻ፣ የለውጥና የመድረሻ ቅርጽ በአንዱ ቋንቋ ከገባ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕግ መሠረቱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 «ላው እና ኒኮልስ» በተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ፣ ቋንቋውን ለማይረዱ ልጆች ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር ማቅረብ እኩልነት እንዳልሆነ ወስኗል። በዚያው ዓመት የወጣው የእኩል የትምህርት ዕድል ሕግ ትምህርት ቤቶች የቋንቋን መሰናክል ለማስወገድ ተገቢ እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የወጣው የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ቢያደርግና የቀድሞውን የቋንቋ ተደራሽነት ትዕዛዝ ቢሽርም፣ በኮንግረስ የጸደቁ ሕጎችን አይሽርም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው የፌዴራል የትምህርት ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ፣ በሁለተኛ ደረጃም አንድ ጊዜ የሒሳብ ፈተና እንዲሰጥ ያዛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ አለ። አገሪቱ ውስጥ 12 ወር ያልሞላው ተማሪ ከአንድ ዙር የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና ሊዘለል ይችላል፤ ከሒሳብ ግን አይዘለልም። ሕጉ ሒሳብን ከቋንቋ ነፃ እንደሆነ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ጥያቄዎቹ ግን በአብዛኛው በዓረፍተ ነገር የተጻፉ ናቸው። ያው ሕግ እንግሊዝኛ ተማሪዎች ተገቢ ማመቻቸት እንዲደረግላቸው፣ በተቻለ መጠንም ትክክለኛ መረጃ በሚሰጥ ቋንቋና ቅርጽ እንዲፈተኑ ይላል። ክልላዊ መንግሥታትም በተማሪዎቻቸው መካከል በስፋት የሚነገሩ ቋንቋዎችን ለይተው፣ ፈተና በሌለባቸው ቋንቋዎች ለማዘጋጀት የሚቻላቸውን ጥረት ሁሉ እንዲያደርጉ ያዛል። «በስፋት» የሚለውን የሚተረጉመው እያንዳንዱ ግዛት ነው። የአማርኛ ተናጋሪዎች ድምፅ የሚያስፈልገውም በዚሁ ትርጉም ላይ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን በመንግሥት አገልግሎቶች ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ አድርጓል። ለወላጅ የሚላክ ደብዳቤ በአማርኛ መተርጎሙ ትልቅ ድል ነው። ልጁ የሚፈተንበት ዓረፍተ ነገር ግን ከደብዳቤው ይልቅ ዕድሉን ይወስናል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ቋንቋውን ማቅለል ደረጃውን ማውረድ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከፊቱ የሚወገድለት ልጅ ዓረፍተ ነገር ማንበብ አይማርም። መልሱ ግን ፈተናንና ትምህርትን መለየት ነው። ሒሳብን ለመለካት በተዘጋጀ ፈተና ላይ አላስፈላጊ የቋንቋ ውስብስብነት ስሕተት ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን ጽሑፉ ይቆያል፣ የሚጨመረው ሦስት ንባብን፣ ሥዕልንና ውይይትን የመሰለ ድጋፍ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች የሚጠቀሙበት የዊዳ የእንግሊዝኛ ደረጃዎች ማዕቀፍ የሒሳብን ቋንቋ ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ አስቀምጧል። ይህን ቋንቋ ማስተማር የሒሳብ መምህሩም ሥራ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወጪ ነው፤ ለሁሉም ቋንቋ ፈተና መተርጎም አይቻልም ይባላል። እውነት ነው፤ ትርጉምም ለሁሉም ልጅ አይበጅም። አሜሪካ ተወልዶ በቤቱ አማርኛ የሚሰማ፣ ፊደል ግን ያልቆጠረ ልጅ በአማርኛ የተጻፈ ፈተና ቢሰጠው ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ይቸገራል። ትርጉም የሚጠቅመው ሒሳብን በአማርኛ ተምሮ ለመጣው ነው። ለሁለቱም የሚጠቅመውና አነስተኛ ወጪ የሚጠይቀው የመምህራን ሥልጠና ነው፤ የወታደሮቹ አውቶቡስ እንዳሳየው ደግሞ ሥልጠናው እንግሊዝኛ ብቻ ለሚናገሩትም ልጆች ይተርፋል።

ምን ይደረግ?

የግዛትና የአውራጃ ምክር ቤት አባላት ረዳቶች እንዲሁም የማኅበረሰብ ተሟጋቾች በሚከተሉት አምስት ነጥቦች ላይ ሊሠሩ ይገባል።

አንደኛ፣ የትምህርት ቢሮዎች የሒሳብ ውጤትን ሲያወጡ በቁጥር ብቻ የቀረቡ ጥያቄዎችንና በዓረፍተ ነገር የቀረቡትን ለይተው፣ በእንግሊዝኛ ችሎታ ደረጃ ከፋፍለው እንዲያሳዩ ይጠየቁ። ልዩነቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ መፍትሔ አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ለመምህራን ሙያ ማሻሻያና ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ በከፊል ለቃላት ፕሮብሌም አፈታት ሥልጠና እንዲውል፣ ሥልጠናውንም የሒሳብ መምህራንና የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን በአንድነት እንዲወስዱ ይደረግ። የቁልፍ ቃል ሠንጠረዥ ከግድግዳ እንዲወርድ የሚያስፈልገው ክልከላ ሳይሆን የተሻለ ምትክ ነው።

ሦስተኛ፣ የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች በብዛት ባሉባቸው አውራጃዎች የእንግሊዝኛና የአማርኛ የሒሳብ ቃላት መፍቻ ተዘጋጅቶ በክፍልም በፈተናም ይፈቀድ። መፍቻው የሰዓት አቆጣጠርንና የመለኪያ ልዩነቶችን ማካተት አለበት። በፈተና ቀን ብቻ የሚሰጥ መፍቻ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሊለምደው ይገባል።

አራተኛ፣ አዲስ የመጡ ተማሪዎች ወደ ሒሳብ ክፍል ከመመደባቸው በፊት በሚያውቁት ቋንቋ የቃል ምዘና ይደረግላቸው። የሁለት ቋንቋ ባለሙያ አንድ ሰዓት ከልጁ ጋር ቢቀመጥ ያለቦታው የሚያልፉ ዓመታትን ያድናል።

አምስተኛ፣ በየግዛቱ ዕቅድ ላይ የሕዝብ አስተያየት ሲጠየቅ፣ «በስፋት የሚነገር ቋንቋ» የሚለው ትርጉም በመላው ግዛት ድምር ብቻ ሳይሆን ተማሪዎች በተሰባሰቡባቸው አውራጃዎችም እንዲታይ የማኅበረሰብ ድርጅቶች በጽሑፍ ያቅርቡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው አባባል የቃላት ፕሮብሌም የሚፈታበትን ስልት ይገልጻል፤ ፖሊሲ የሚነደፍበትንም እንዲሁ። አንድ ልጅ መልሱን ሲስት ሥሩ ስሌቱ ነው ወይስ ንባቡ ብሎ ሳይመረምር ወደ ዝቅተኛ ክፍል የሚያወርድ ትምህርት ቤት፣ ቁጥሮቹን ብቻ አይቶ እንደደመረው ተማሪ ጥያቄውን ሳያነብ መልስ ሰጥቷል።